ቀዬውን የለቀቀ ቤተሰብን ኑሮ ለዓመታት ፎቶ ማንሳት፦ በሰሜን ሸዋ ለሚጀምር ሰው

ደብረ ብርሃን ያሉትን የኪራይ ግቢዎች ብትዞሩ አንዱ ከመሐል ሜዳ፣ አንዱ ከሞላሌ፣ ሌላው ከሰላ ድንጋይ የመጣ ነው። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣም አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ልጁ ዓረብ አገር የሄደችበት አባት፣ ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ የገባ ሴት፣ እህቱ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ያለች ጎረምሳ አታጡም። የእነዚህ ቤተሰቦች ፎቶ ግን ተመሳሳይ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ኤርፖርት። ሰው ሲሄድ ይነሣሉ፣ ሲመለስ ይነሣሉ። በመሐል ያለው ዓመት ሁሉ ፎቶ የለውም።

ይህ መመሪያ ስለዚያ መሐል ነው። ኑሮው የሚለወጠው እዚያ ነውና። ሻንጣ ሲታሰር ሁሉም ሰው ያያል። ሻንጣው ከሄደ በኋላ አልጋው ላይ ማን መተኛት እንደ ጀመረ፣ ውኃ መቅዳቱ ለየትኛው ልጅ እንደ ተላለፈ፣ አባት ማታ ማታ ለምን ደጅ መቀመጥ እንዳበዙ የሚያየው ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከካሜራው በፊት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት አስቡ። ከዚያም በላይ ከሄደ የተሻለ ነው።

1. ቤተሰቡን መምረጥ

አንድ ቤተሰብ ይበቃል። ብዙ ቤት የያዘ ሰው ሁሉንም በዓመት በዓል ብቻ ያገኛቸዋል፤ የዓመት በዓል ፎቶ ደግሞ ሞልቷል።

በእግር ወይም በባጃጅ የምትደርሱበትን ምረጡ። የምትኖሩት ደብረ ብርሃን ከሆነ መሐል ሜዳ ያለ ቤተሰብ አትያዙ። መንገዱ ሲበላሽ፣ ዝናብ ሲጠና፣ ጸጥታው ሲደፈርስ ትቀራላችሁ። ዋናው መስፈርት «ሥራ ስጨርስ ብቅ ብዬ መምጣት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

የራሳችሁ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ምንም አትፈልጉ። ብዙ ሰው የሌላ ሰው ቤት ሲፈልግ የእናቱ ጓዳ ሳይነሣ ይቀራል። አያታችሁ ከመንዝ ይዘውት የመጡት ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) አሁንም አልጋው ላይ ካለ እዚያው ጀምሩ።

የተፈናቀሉ ወገኖችን ለማንሳት የምታስቡ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። መጠለያ ውስጥ ካሜራ ማለት ምዝገባና እርዳታ ማለት ሆኗል። ሰው ካሜራ ሲያይ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። «እርዳታ አላመጣሁም፣ መዝጋቢም አይደለሁም» ብላችሁ ገና ከበር ተናገሩ። በየጊዜውም ድገሙት። ካምፑ የራሱ አስተዳደር አለውና ከእነርሱም ፈቃድ ውሰዱ። በተስፋ የተገኘ ፎቶ ሰውየውንም እናንተንም ይጎዳል።

2. ፈቃድ መጠየቅ፣ ደግሞም መልሶ መጠየቅ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሁሉም ደረጃ የሚከብደው ይሄ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካሜራ አትያዙ። ስኳር ወይም ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጭ በሉ፣ ሥራ ካለ አግዙ። የቤቱን ሰዓት ልመዱ። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ቡናው መቼ እንደሚፈላ፣ የትኛው ጎረቤት ሳያንኳኳ እንደሚገባ እወቁ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፦

«እትዬ፣ አልፎ አልፎ እየመጣሁ የዕለት ኑሯችሁን ፎቶ ባነሳ ምን ይመስልዎታል? ሠርግ ወይም ዓመት በዓል አይደለም። እንዲሁ እንዳላችሁ። ፎቶውን አጥቤ አመጣልዎታለሁ። ያልወደዱትን አጠፋለሁ። ሳልጠይቅዎ ለማንም አላሳይም።»

ይህን ስትሉ ሦስት ነገር ቃል ገብታችኋል፤ ሦስቱንም ጠብቁ። የቤቱ አባት ወይም እናት እሺ ስላሉ ግን ቤቱ ሁሉ እሺ አለ ማለት አይደለም። ምራቷን፣ ጎረምሳውን፣ ጥግ ይዘው የሚጸልዩትን አያት ለየብቻ ጠይቁ።

በእኛ አገር ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። «ቆይ ልብስ ልቀይር»፣ «ቤቱ አልተጠረገም እኮ»፣ «ዛሬ እንኳ ይቅር» ሲባል መልሱ ተሰጥቷል። አትለማመጡ። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና ቡናውን ጠጡ። ያን ቀን ያለ ፎቶ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው ወር የበለጠ ይታመናል።

ልጆችን በተመለከተ ፈቃዱ ከዕድሜ ጋር ይታደስ። በ6 ዓመቷ እየሳቀች የተነሣች ልጅ 13 ዓመት ሲሞላት ሌላ ሰው ናት። የቆዩትን ፎቶዎች አሳዩአትና የትኛው ይቅር እንደምትል ጠይቁ። ይቅር ያለችው ይቅር። ልጅ ሲታጠብ፣ ሲታመም፣ ሲገረፍ የሚያሳይ ፎቶ ደግሞ ማንም ቢፈቅድ አይነሣ።

ሌሎች የማይነሡ ነገሮችም አሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ፎቶ ማንሳት አይወደድም፤ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ታገሡ። ለቅሶ ላይ ቤተሰቡ ራሱ ካልጠራችሁ ካሜራ አይወጣ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ መታወቂያ፣ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ሲቆጠር፣ የደላላ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት አይነሣ። መንገድ ላይ ኬላና የጸጥታ ኃይሎች ባሉበት አካባቢ ደግሞ ካሜራውን ጭራሽ አታውጡ።

ኤግዚቢሽን ወይም ኅትመት ካሰባችሁ ለእርሱ የተለየ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ፣ ጮክ ተብሎ የተነበበ። ማንበብ የማይችሉ አያት ካሉ የሚያምኑት ሰው ያንብብላቸው።

3. ዕቃ

ስልካችሁ ይበቃል። ካሜራ ካላችሁ የ35 ወይም የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዙ፤ እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ቢሆን ጥሩ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብርሃንም በብዛት ይገባል)፤ የኪራይ ክፍል ጠባብና ጨለማ ነውና። ዙም ተዉት። ፍላሽም ተዉት፤ ቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል፣ ግድግዳውንም ያነጣዋል።

ሁለት የአየር ጠባይ ነገሮችን ግን ልብ በሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ላይ ውርጭ አለ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ትርፍ ባትሪውን በደረት ኪሳችሁ፣ ከጋቢው ሥር አሙቁት። ሁለተኛው ጉም ነው። ከብርዱ ወጥታችሁ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ወዲያው ይጤዛል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱም እንደዚያው ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ትገባላችሁ። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልላችሁ እዚያው እስኪሞቅ ጠብቁ። በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት፤ አቧራው ሌንሱን ይጭረዋል።

4. ብርሃን

የሰሜን ሸዋ ቤት ውስጥ ዋናው መብራት በሩ ነው። የጭቃም ይሁን የብሎኬት ቤት፣ መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ በበር ይገባል። ሰውዬው ወደ በሩ ዞሮ በተቀመጠበት ሰዓት አንሡ። እናንተ የበሩን መቃን ተጠግታችሁ ቁሙ፤ መሐል ከቆማችሁ ብርሃኑን የጋረዳችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ቀን ከሆነ አምፖሉ እንዲጠፋ ጠይቁ። የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ፊት ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ማታ በአምፖል ስታነሡ ደግሞ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከመጣ የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰኮንድ አድርጉት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእርሱ ጋር ይስማማል።

ቀን ቤት ውስጥ ለካሜራ መነሻ የሚሆን ቁጥር፦ ኤፍ 2፣ ሹተር 1/60፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ንቃት) ከ1600 እስከ 3200። በስልክ ከሆነ ፊቱን ነክታችሁ ያዙት፣ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ትንሽ አጨልሙት። ይህ ለነጠላ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ጨለማ ቤት ውስጥ ስትነሣ ስልኩ ቤቱን ለማብራት ይሞክርና ነጠላውን ያቃጥለዋል። የነጠላው ጥበብ ከጠፋ በኋላ አይመለስም። ጨለም ያለ ፊትን ግን በኋላ ማድመቅ ይቻላል።

እንጀራ መጋገርን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ከምጣዱ ሥር የሚነደው ኩበት ከሆነ ጭሱ ብዙ ነው፤ ከበሩ የሚገባው ብርሃን በጭሱ ውስጥ ተሰንጥቆ ይታያል። ሁሉም ሰው የሚያነሣው አክንባሎው ሲከፈት ነው። ያን ጊዜ ግን እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል። ታገሡ። እንፋሎቱ ከፍ ሲል ዓይኗ የእንጀራውን ጠርዝ ይከተላል፤ ዳር ዳሩ ተነሥቷል ወይ ብላ ታያለች። ከዚያ ሰፌዱን ከሥሩ ታስገባለች። ሰፌዱ ከመግባቱ በፊት ያለችው አንድ ሰኮንድ ፎቷችሁ ናት። አንድ ምጣድ ቢያመልጣችሁ ችግር የለም፤ እንጀራው ገና ብዙ ነው።

ከቤት ውጭ ቀትር ላይ አታንሡ። እኛ ያለንበት ቦታ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ይጠቁራል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ደግ ነው።

5. ምኑን ማንሳት?

ሁለት ዓይነት ፎቶ ይኑራችሁ። አንዱ ተመላላሽ ነው፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ርቀት፣ በየወቅቱ። ሌላው የምታገኙት ነው፤ የዕለቱ ሥራ፣ የዕለቱ ወሬ።

ለተመላላሹ የቤቱን ደጃፍ ምረጡ። የምትቆሙበትን ቦታ በማይነቃነቅ ነገር ለዩት፤ ከሮቶው ጎን፣ ከቧንቧው ሁለት እርምጃ። በየሦስት ወሩ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይቁም። ማን የት ይቁም ብላችሁ አታዝዙ። ራሳቸው ይደርደሩ። የምታዩት ነገር ያኔ ይመጣል። ትልቋ ልጅ በሄደች በመጀመሪያው ጊዜ በእናትና በአባት መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ማንም ሳይነጋገርበት የእርሷ ቦታ ባዶ ይተዋል። ዓመት ሲያልፍ ታናሽየዋ ወደዚያ ትጠጋለች። በሌላው ዓመት እናትየዋ ትከሻዋ ላይ እጃቸውን ጥለዋል። ይህን አንድም ፎቶ ብቻውን አይናገረውም። ሲደረደር ነው የሚናገረው።

ግድግዳውን አትርሱ። የእኛ ሰው ታሪኩን የሚሰቅለው ግድግዳ ላይ ነው። ሥዕለ ማርያም፣ የዘመን መቁጠሪያ፣ በአንድ ፍሬም ውስጥ የታጨቁ ጉርድ ፎቶዎች፣ የምርቃት ጋዋን የለበሰ ልጅ። በየዓመቱ በጳጉሜን፣ አሮጌው መቁጠሪያ ሳይወርድ፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት አንሡት። ዓመት በዓመት ምን ተጨመረ፣ ምን ወረደ፣ ማን ወደ መሐል መጣ፤ ይህ ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ፍሬሙ ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎችም በፈቃድ ቅዱ። ከመስታወቱ አውጥታችሁ፣ በበሩ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አኑራችሁ፣ ስልኩን ከላይ ትክክል ይዛችሁ። የተጣበቀ ከሆነ አትላጡት፤ በመስታወቱ ላይ በትንሹ ከጎን አንሡት።

ዕቃም ይናገራል። ከመንዝ የመጣ ባናና በዓረብ አገር ሻንጣ የመጣ ብርድ ልብስ አንድ አልጋ ላይ ተደራርበው ስታዩ ሰው ሳይኖርበት አንሡት።

አሁን ስልኩ። ኢሞ ላይ የሚደረገው ጥሪ ለብዙ ቤተሰብ የሳምንቱ ትልቁ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በደንብ ተዘጋጁበት። ልጅቷ ሳዑዲ ከሆነች ሰዓታችን አንድ ነው፤ ሥራ ስትጨርስ እዚህም መሽቷል። ቤይሩት በእነርሱ የብርድ ወራት በአንድ ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በሙቀት ወራታቸው እኩል ነን። ዋሽንግተን ያለ ሰው ግን እዚህ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ የምሳ ሰዓት ነው። ጥሪው የሚመጣበትን ሰዓት አውቃችሁ ቀድማችሁ ተገኙ።

ከእናትየዋ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሆናችሁ ተቀመጡ። የስልኩ ብርሃን ፊታቸውን ያበራዋል፤ ሌላ መብራት አያስፈልግም። ብርሃኑን በስክሪኑ ሳይሆን በፊታቸው ለኩ። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቢቃጠል እንዲያውም ጥሩ ነው፣ የልጅቷ ፊት አይለይም። ብዙ እናቶች ጥሪው ሲያበቃ ስልኩን ወዲያው አያስቀምጡትም። በነጠላቸው ጫፍ ስክሪኑን ይጠርጉታል። ልጆቹ ተነሥተው ሲሄዱ እናንተ ቆዩ።

ልጅቷም የቤተሰቡ አካል ናትና የእርሷም ፈቃድ ያስፈልጋል። በድምፅ መልእክት ጠይቋት። የሥራ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ የአሠሪዋን ሳሎን ቢያሳይ መዘዙ በእርሷ ላይ ነው። ስለዚህ ፊቷ ወይም የምትሠራበት ቤት የሚታይበት ምስል ከቤተሰቡ አይውጣ። ከፈለገች ግን እርሷም ከዚያ ታንሣ፦ እጇን፣ የሠራችውን ምግብ፣ ከክፍሏ መስኮት የሚታየውን ሰማይ። የእናትየዋ ምጣድና የልጅየዋ ምድጃ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛውም ጽሑፍ የማይደርስበት ነገር ይናገራሉ።

6. መቼ መሄድ?

በወር አንድ ቀን ከቻላችሁ በቂ ነው። ቀኑ ይቀያየር፤ አንዴ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዴ ዓርብ ማታ።

ወቅቱን ግን ተከተሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰው ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጋቢው እስከ ዓይን ድረስ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ማዕዱ ይለወጣል፣ የቤቱ ፀጥታም ይለወጣል። በልግ ሲጥል የመንዝ ሰው ከተማ ቢገባም ልቡ ገብሱ ላይ ነው፤ ስልክ ደውሎ «ጣለ ወይ?» ይላል። ያን ጥያቄ ሲጠይቅ ፊቱን አንሡት። ነሐሴ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ጫማ ሁሉ በር ላይ ይደረደራል።

ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ አገር ቤት ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ። ከደብረ ብርሃን ሲነሡ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቡና ይጫናል። ሲመለሱ በሶ፣ ገብስ፣ አንዳንዴም በግ። የሄደውንና የመጣውን ጭነት ሁለቱንም አንሡ። መንዝ ከደረሳችሁ በኋላ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ከተማ ውስጥ ተከራይ የሆኑት አባት እዚያ ስማቸው ተጠርቶ ወንበር ይለቀቅላቸዋል። አቀማመጣቸው ሳይቀር ይለወጣል። ይህን ሳታዩ ቤተሰቡን አውቀዋለሁ ማለት ይከብዳል።

7. ፎቶውን መመለስ

የምትሄዱበት ቀን ባዶ እጅ አይሁን። ባለፈው ያነሣችሁትን ሦስት አራት ፎቶ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳጥባችሁ ውሰዱ። በስልክ ማሳየት አይተካውም። የታጠበ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ወሬ ይመጣል። ከዚያ ወሬ የምታገኙት መግለጫ ማንም ጠይቆ አያገኘውም።

ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚፈልጉት የቁም ፎቶ ነው፤ ልብስ ለብሰው፣ ፀጉር ተሠርተው፣ ቀጥ ብለው። አትናቁት። ሁልጊዜ እርሱን አስቀድማችሁ አንሡ፣ አሳምራችሁ አንሡ፣ አሳጥባችሁ ስጡ። ዓረብ አገር ላለችው ልጅ የሚላከውም እርሱ ነው። የተራውን ቀን ፎቶ ከዚያ በኋላ በነፃነት ታገኛላችሁ። ሰው መከበሩን ካወቀ በተቀዳደደ የቤት ልብሱ ቢነሣም አይሰጋም።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል፤ ልጅቷ እዚያ ልታሳጥበው ብትፈልግ ይደበዝዝባታል። ገና ፎቶ ማንሳት ሳትጀምሩ ግን ስልካችሁ ፎቶ ላይ የቦታ መረጃ እንዳይመዘግብ አጥፉት፤ ፋይል ሲላክ መረጃው አብሮ ይሄዳልና።

8. መጻፍና ስም መስጠት

ያልተጻፈበት ፎቶ ከ10 ዓመት በኋላ ግማሹ ጠፍቷል። ስለዚህ በዚያው ማታ፣ ሳትተኙ፣ አምስት መስመር ጻፉ። ማን፣ የት፣ ምን እየተባለ ነበር። የሚሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ በእናንተ አማርኛ አታስተካክሉት።

ካሜራው የሚመዘግበው የፈረንጅ ቀን ነው፣ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው በእኛ ነው። ሁለቱንም ያዙ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይሆናል። ብዙ ሰው ታኅሣሥ ላይ ይሳሳታል። የካሜራውን ሰዓት አንዴ በትክክል ሙሉትና አትንኩት፤ 07:00 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑን ታውቃላችሁ። የፎልደር ስም ዓመቱን፣ የወሩን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ከዚያ ነገሩን ያስቀድም፦ «2017-03-12 እንጀራ»። የወሩ ስም ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ይደረድረዋል፣ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል።

በታጠበው ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል፣ ጫናውም ይታያል። ለስላሳ እርሳስ ሞክሩ። ወረቀቱ ካልያዘው በትንሽ ብጣሽ ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር አኑሩ። ማጣበቂያ ያለውን አልበም ተዉት፤ በጊዜ ብዛት ፎቶውን ያበላሸዋል።

የቻላችሁ ድምፅም ቅዱ። አያት ስለ ድሮ ቀዬአቸው ሲያወሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሩ፤ በፈቃድ።

9. ማስቀመጥ

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ከተማ። ሜሞሪ ካርድ ማስቀመጫ አይደለም፤ ፎቶው ወደ ቅጂዎቹ ከዞረ በኋላ ባዶ ይሁን። አንድ ሃርድ ዲስክ እናንተ ጋ፣ አንድ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ዘመድ ጋ፣ ኢንተርኔቱ ከቻለ ደግሞ የተመረጡት ክላውድ ላይ። መብራት እንደሚቆራረጥ ስለምናውቅ ፋይል ገልብጣችሁ እንደ ጨረሳችሁ ዲስኩን ንቀሉት። በየዓመቱ አንዴ ከፍታችሁ እዩት።

ሌላ ከተማ የምለው በምክንያት ነው። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው። ቤት ሲቃጠል ፍሬሙም፣ አልበሙም፣ ፍላሽ ዲስኩም አብሮ ይነድዳል። የእናንተ ቅጂ ሌላ ቦታ ካለ የአንድ ቤተሰብ የልጅነት ዘመን ይተርፋል።

10. መምረጥና ማሳየት

በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን ለዚህ ጥሩ ናት፣ የዓመቱን ፎቶ ሁሉ ከፍታችሁ ሃያ ምረጡ። ያማረውን ብቻ አትምረጡ። አንዳንዴ የደበዘዘ ፎቶ ውስጥ በሌሎቹ ፎቶዎች የሌለ ሰው መጥቷል፤ እርሱ ይግባ። ሐዘኑም ሳቁም ይኑርበት። የተራቆተ ጓዳ ብቻ የምታሳዩ ከሆነ የሰዎቹን ኑሮ አላሳያችሁም፤ በዚያው ቤት የተቀለደ ቀልድ፣ የተጣጣለ ዕቁብ፣ ለፈተና የተጠና ትምህርት አለ።

ለሌላ ሰው ከማሳየታችሁ በፊት ምርጫውን ለቤተሰቡ አሳዩ። ቁጭ ብለው፣ ቡና እየተጠጣ። ይውጣ ያሉትን አውጡ፣ ለምን ብላችሁ አትከራከሩ።

ቤተሰቡ አንድ ቀን ይበተናል ወይም ይነሣል። አከራይ ኪራይ ይጨምራል፣ ልጅ ያገባል፣ አባት ወደ መንዝ እመለሳለሁ ይላሉ። ያኔ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ማንን እንደምትከተሉ ተነጋገሩና ምረጡ። ሙሉ ቅጂውን ግን ያን ጊዜ አስረክቡ። አንድ ፍላሽ ዲስክ ለሚቆየው፣ አንድ ለሚሄደው፣ አንድ ደግሞ ውጭ ላለችው። የተመረጡትን አሳጥባችሁ፣ ስምና ቀን ጽፋችሁ፣ በካርቶን ሣጥን አድርጋችሁ ስጡ። ሣጥኑን ማን እንደሚይዘው ቤተሰቡ ራሱ ይወስን፤ የያዘውን ሰው ስልክ ቁጥር ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ወርም ደውሉለት።